በፕሮቪደንት ፈንድ የመጀመሪያ ቤት መግዛት

በመጀመሪያ ከደመወዝዎ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ ይሁን ወይስ ፕሮቪደንት ፈንድ (እርስዎና አሠሪዎ በየወሩ የምታዋጡት የቁጠባ ገንዘብ) ይለዩ። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከሆነ (አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል) ለቤት ብለው ሊያወጡት አይችሉም፤ እሱን ተስፋ አድርገው ቀብድ እንዳይከፍሉ። የሚረዳዎት ፕሮቪደንት ፈንድ ነው፤ ያውም የድርጅትዎ መተዳደሪያ ደንብ ሥራ ላይ እያሉ መበደር ወይም ማውጣት ከፈቀደ ብቻ። ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ አይበቃም።

ደመወዝዎ 20,000 ብር ሆኖ እርስዎም አሠሪዎም 10 በመቶ ብታዋጡ፣ በ5 ዓመት ያለ ወለድ 240,000 ብር ይጠራቀማል። ይህ ገንዘብ ልደታ ወይም አራዳ ላለ ኮንዶሚኒየም የቅድመ ክፍያ ማሟያ እንጂ የቤቱ ዋጋ አይደለም። ከፈንዱ ከተበደሩ ክፍያው ከደመወዝዎ ስለሚቆረጥ ባንኩ የሚፈቅድልዎ ብድር ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ወርሃዊ ክፍያዎች ደምረው ከተጣራ ደመወዝዎ ጋር ያስተያዩ።

ዋናው ጥንቃቄ ቀብድ ላይ ነው። ሻጩ የሚያሳይዎት የካርታ ፎቶ ኮፒ ዕዳ አይናገርም። ሻጩ ኦሪጅናሉን ይዞ ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት አብሮዎት ሄዶ ዕዳና እገዳ ይጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ሁለቱም ካልፈረሙ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃ ያምጣ። ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ይፈራረሙ፤ የፈንዱ ገንዘብ እስኪለቀቅ ጊዜ ስለሚወስድ የክፍያውን ቀን በዚያው ልክ ያራዝሙ።