የልጅ ጉበት በድንገት ሲደክም፦ ከንቅለ ተከላ ውሳኔ በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ሲሮጥ የነበረ ልጅ ያስታውከዋል፤ ምግብ ይጠላል፤ ዓይኑም ቢጫ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጉበቱ ራሱ ያገግማል። በጥቂቶቹ ላይ ግን በቀናት ውስጥ ሥራውን ያቆማል፤ ያኔ ልጁን የሚያተርፈው ሌላ ጉበት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከወላጅም ከሐኪምም የሚመጡት ስህተቶች በአብዛኛው እነዚህን ቀናት የሚበሉ ናቸው።

«የወፍ በሽታ ነው፤ ያልፋል» ማለት። አብዛኛው በእርግጥ ያልፋል፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የዓይን ቢጫነት የጉበቱን አቅም አይነግረንም። ደምን የሚያረጉትን ፕሮቲኖች አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ፣ አቅሙ የሚታወቀው በደም መርጋት ምርመራ ነው። ለደም መርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶም አይ ኤን አር የሚባለው ውጤት (ደሙ ለመርጋት በዘገየ ቁጥር ከፍ የሚል ቁጥር) 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም 1.5 ደርሶ የልጁ አእምሮ ከተረበሸ፣ ነገሩ ድንገተኛ የጉበት ድክመት ነው። ሥር ቀጥቅጦ ማጠጣት ለቆሰለ ጉበት ተጨማሪ ሸክም ሊሆን ይችላል።

እንቅልፉን እንደ ዕረፍት መቁጠር። አእምሮ ተረበሸ ሲባል ራሱን የሳተ ልጅ እንጠብቃለን። በሕፃን ላይ ግን ምልክቱ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃት ወይም በማባበል የማይበርድ ልቅሶ ብቻ ሊሆን ይችላል። እናት «ጠባዩ ተለወጠብኝ» ስትል ከላቦራቶሪ ውጤት እኩል ሊመዘገብላት ይገባል ባይ ነኝ። የደም ስኳሩም ወዲያው ይለካ፤ የደከመ ጉበት ስኳር ማቅረብ ያቅተዋል።

የኢንዛይም ቁጥር ሲወርድ መደሰት። ይህኛው ባለሙያንም ያታልላል። ኢንዛይሞቹ ወደ ደም የሚፈስሱት ከሚጎዱ የጉበት ሕዋሳት ነው። ቁጥሩ ከሺዎች ወደ መቶዎች ሲወርድ ጉበቱ እየዳነ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎዳ ሕዋስ አልቆበትም ሊሆን ይችላል። ማገዶው ያለቀበት ምድጃም ጭሱ ይቀንሳል። ኢንዛይሙ እየወረደ አይ ኤን አርና ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ከጨመሩ መጥፎ ዜና ነው። በዚህ መሃል ልጁ ሳይደማ፣ የሚሠራለት ቀዶ ሕክምናም ሳይኖር ፕላዝማ (ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ያሉበት የደም ፈሳሽ) መስጠት ያንኑ ዋና መለኪያ፣ አይ ኤን አርን፣ ያሳምረዋል እንጂ ጉበቱን አያድነውም።

ወደ ንቅለ ተከላ ማዕከል መደወልን ለመጨረሻ ማቆየት። ልጁን መላክ ቀዶ ሕክምናውን መወሰን አይደለም፤ ማዕከል ደርሰው በራሳቸው ጉበት የሚድኑ ልጆች ብዙ ናቸው። አንጎሉ ካበጠ በኋላ ግን ጉዞው ራሱ ሊገድለው ይችላል። ለጉበት ንቅለ ተከላ ወደ ህንድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ገንዘብና ለጋሽ ማሰናዳት አለበት። ሥር የሰደደ በሽታ ለዚህ ወራት ይሰጣል፤ ይህ ግን ቀናት ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ወረቀቱ ልጁ ገና ሲያናግረን ይጀመር።

ምክንያቱን ሳይፈልጉ መወሰን። አእምሮን እስከመረበሽ የደረሰ የዊልሰን በሽታ (መዳብ በጉበት የሚከማችበት የዘር በሽታ) ያለ አዲስ ጉበት የሚያተርፈው እምብዛም ነው። በፓራሲታሞል የተመረዘ ልጅ ግን ማርከሻው አሲቲልሲስቴይን በጊዜ፣ በተለይም መድኃኒቱን በዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ከደረሰለት በአብዛኛው በራሱ ጉበት ይድናል። ይኸው ማርከሻ በሌላ ምክንያት ለደከመ ጉበት ልማድ ሆኖ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የልጆች ጥናት ግን ጥቅም አላሳየም፤ ከ2 ዓመት በታች ባሉት ላይም ውጤቱ የከፋ ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ቫልፕሮኤት የሚቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል አመንጪ ክፍሎች) ሕመም ያለበትን ልጅ ጉበት ሲያደክም ደግሞ አዲሱ ጉበት የአንጎሉን ሕመም አያቆመውም። ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኪንግስ ኮሌጅ መመዘኛም በዋናነት ለአዋቂዎች የተሠራ ነው፤ በልጅ ላይ ብቻውን አያስተማምንም።

ወላጅን በይሉኝታ ለጋሽ ማድረግ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከወላጅ ጉበት በስተግራ በኩል ትንሽ ክፍል ተቆርጦ ለሕፃን ይተከላል፤ የሰጪውም ጉበት መልሶ ያድጋል። ሆኖም ለሰጪው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በሞት የተለዩ ለጋሾችም አሉ። አያቶችና አክስቶች በከበቡት ክፍል ውስጥ «አባት አይደለህ?» ከተባለ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ለጋሹ ለብቻው፣ ልጁን ከማያክም ሐኪም ጋር ይነጋገር። አንዳንድ ማዕከሎች እምቢ ላለ ሰው ለቤተሰቡ የሚነገረው «በሕክምና ምክንያት ለጋሽ ሊሆን አይችልም» ብቻ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ ዝርዝሩ ከሐኪሙ ክፍል አይወጣም።