ስሪዲ ፕሪንተር ወደ ሥራ ቦታችሁ ስታስገቡ ከሥራው ጀምሩ

ብዙ የምህንድስና ቢሮ ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ በንብርብር እየደራረበ ዕቃ የሚያትም ማሽን) ሲገዛ የሚሆነው ነገር ይመሳሰላል። መጀመሪያ ሳምንት ሁሉም ይከበዋል። የስልክ ማስቀመጫና የቁልፍ መያዣ ይታተማል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽኑ ጥግ ይዞ አቧራ ይለብሳል። ይህ የሚሆነው ማሽኑ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የሚሠራለት ሥራ ሳይለይ ስለተገዛ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ወርክሾፑን ዙሩ። ቴክኒሻኖቹን «በየቀኑ ጊዜያችሁን የሚበላው ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ የሚንሸራተት ዕቃ በእጅ ይዞ መሥራት፣ አንዱን ልኬት ደጋግሞ መለካት። የመጀመሪያው ሥራችሁ እዚያ ነው ያለው። ለደንበኛ በሚሸጥ ዕቃ አትጀምሩ። ለራሳችሁ ሥራ በሚያግዙ ጂጎችና ፊክስቸሮች (መሣሪያን የሚመሩ ወይም ዕቃን አጥብቀው የሚይዙ መርጃዎች) ጀምሩ፤ ቢበላሹ ድጋሚ ታትማላችሁ፣ በቃ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ሠራተኛ ላሜራ ላይ አራት ቀዳዳ ይበሳል እንበል። ይለካል፣ ምልክት ይጭራል፣ በፑንች ይመታል፣ ከዚያ ይበሳል፤ ለሚቀጥለው ላሜራም ይህንኑ ይደግማል። የላሜራውን ጠርዝ ይዞ ቁጭ የሚል የታተመ መምሪያ ብትሰጡት መለካቱም መጫሩም ይቀርለታል። የመምሪያው ቀዳዳዎች ውስጥ ግን የብረት ቡሽ (ድሪሉ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ) አስገቡ። ያለ ቡሽ ድሪሉ ፕላስቲኩን እየበላ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ልኬቱም ይሳሳታል።

ልኬት ካነሳን አይቀር፣ ካድ (የኮምፒውተር ንድፍ) ላይ 6 ሚሊሜትር ያላችሁት ቀዳዳ ታትሞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይጠብባል። ካሊፐሩ (የልኬት መሣሪያው) 5.8 ቢያነብ አትደንግጡ። ከ6 ሚሊሜትሩ በ0.1፣ በ0.2 እያሉ እስከ 0.5 ሚሊሜትር እየሰፉ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ያሉት ትንሽ ሰሌዳ አትሙና ቦልቱ በየትኛው ላይ በደንብ እንደሚገባ ሞክሩ። የማሽናችሁን ጠባይ የምታውቁት በዚህ ነው። ሰሌዳውን አትጣሉት፣ ማሽኑ አጠገብ ስቀሉት።

ከሚታተምባቸው ፕላስቲኮች ለመማሪያ ፒኤልኤ የሚባለው ይበቃል። ግን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ከሚሞቅ ሞተር አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይጣመማል። ለጂግ እኔ ፒኢቲጂን እመርጣለሁ፤ እስከ 80 ገደማ ይችላል። ኤቢኤስ ከዚያም በላይ ሙቀት ቢችልም የተዘጋ ማሽንና ጥሩ አየር ማስወጫ ይፈልጋል። ሬዚን (በብርሃን የሚደርቅ ፈሳሽ) የሚጠቀም ማሽን ከመረጣችሁ ደግሞ ጓንት ግዴታ ነው፤ ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ መንካት የለበትም።

ጥንካሬ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውስጡን መሙላት ላይ ብቻ ሲያተኩር ነው። የታተመ ዕቃ እንደ እንጨት ነው፤ እንጨት በቃጫው አቅጣጫ በቀላሉ እንደሚፈለጥ፣ ይህም በንብርብሮቹ መካከል ይላቀቃል። መንጠቆ አቁማችሁ ብታትሙት ክብደት ሲሰቀልበት ንብርብሩ ላይ ቀጭ ይላል፣ አስተኝታችሁ ብታትሙት ግን ይሸከማል። ሙሌቱን ከመጨመር የግድግዳውን ውፍረት መጨመርም ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ማሽኑ ባለቤት ያስፈልገዋል። «የሁላችንም ነው» የተባለ ፕሪንተር ማንም አያጸዳውም። አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ መድቡ፣ ደብተርም አኑሩ፦ ምን ታተመ፣ በየትኛው ፊላመንት (ማሽኑ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር)፣ በስንት ዲግሪ፣ ምን ተበላሸ። ፊላመንቱን እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በታሸገ ዕቃ አስቀምጡ። ኖዝሉ (የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት አፍ) ላይ ቸስ ቸስ ካለና ዕቃው እንደ ፀጉር ቀጫጭን ክር ካወጣ እርጥበት ገብቶታል ማለት ነው፣ አድርቁት። ዋናውን የካድ ፋይልም አታጥፉ። ከካድ ለማተም የሚወጣው ኤስቲኤል የሚባለው ፋይል መለኪያ አሃድ አይይዝም፣ በኢንች የተሠራው እንደ ሚሊሜትር ከተነበበ 25.4 ጊዜ አንሶ ይወጣል።

ማሽኒስቶቹን ከመጀመሪያው ቀን አሳትፏቸው። ቦታችንን ሊወስድ ነው ብለው የሚሰጉ ይኖራሉ፣ ስጋታቸውም ይገባል። አልሙኒየም ከመቁረጣቸው በፊት የታተመውን ቅርጽ በእጃቸው ይዘው ያገላብጡት፤ «ይሄ ጥግ መሣሪያ አያስገባም» የሚለውን ስህተት ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

እምቢ ማለትንም ከአሁኑ ተለማመዱ። ከባድ ዕቃ የሚያነሳ፣ ግፊት የሚይዝ፣ ቢሰበር ሰው የሚጎዳ ክፍል አትሙልን ሲሏችሁ የታተመውን ለማሳያ ብቻ ስጡ፤ የሚሠራበትን ከብረት አሠሩ።