የተገዛ የሻጭ ስልክ ለምን ቤት አያመጣም?

ደሴ ውስጥ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ድሮ ሻጭ የሚያገኘው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። አሁን ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ለቀው፣ «ቤት መሸጥ እፈልጋለሁ» ያለውን ሰው ስልክ ሰብስበው ለደላላ የሚሸጡ መጥተዋል። እንዲህ የተሰበሰበውን ስልክ «ሊድ» ይሉታል። እኔም ገዝቼ ተበልቻለሁ። ግን ሁሉም ብልሽት አንድ ዓይነት አይደለም።

ምልክት፦ ስልኩ አይነሳም፣ ወይም ሌላ ሰው ያነሳዋል

የፌስቡክ ፎርም ስምና ስልክን ከሰውየው አካውንት ወስዶ ራሱ ይሞላል። ቁጥሩ ከዓመታት በፊት የጠፋ ሲም ሊሆን ይችላል። ሰውየው ልብ ሳይል ይልከዋል። ሊድ የሚሸጥልህን ሰው «ከመላካቸው በፊት ቁጥራቸውን እንዲያረጋግጡ አድርግ» በለው፤ ፎርሙ ላይ ይቻላል። የማይሠራ ቁጥር ይተካልህ እንደሆነም ብር ሳትከፍል ጨርስ።

ደግሞ የኛ አገር ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ ሪያድ ወይም ዱባይ ነው። በኢሞ ወይም በዋትሳፕ መልእክት ሞክረው፤ ከተቻለ በእረፍት ቀኑ።

ምልክት፦ «ዋጋውን ለማወቅ ነው እንጂ አልሸጥም»

ሰውየው አልዋሸም። ሊድ የሸጠልህን ሰው «ማስታወቂያውን ራሱን አሳየኝ» በለው። «ቤትዎ ዛሬ ስንት ያወጣል?» የሚል ከሆነ የሚመጣልህ ዋጋ ጠያቂ ነው። «ኢንሻአላህ፣ እንነጋገራለን» የሚልህም አለ። ወሎ ላይ ፊት ለፊት እምቢ የሚል ጥቂት ነው፤ ቤቱን የምታይበትን ቀን ካልቆረጠልህ ከሻጭ አትቁጠረው።

ምልክት፦ «አንተ ደግሞ ስንተኛው ነህ?»

አንዱን ስልክ ለብዙ ደላላ ሸጠውታል። እኔ የገዛሁት «ላንተ ብቻ» ተብሎ ነበር። ሸዋ በር ያለችውን አክስቴን ፎርሙን በራሷ ስልክ አስሞላኋትና ቡናው ተፈላ። አቦል ላይ አንዱ ደወለ። ቶና ላይ ሁለት። በረካ ሳይደርስ «አንተ ልጅ፣ ቤቴን ልታሸጥብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ዘንድ የእሷ ቁጥር የደረሰው በማግስቱ ነው! እኔ ስደውል ሰዎቹ ለምን እንደሚሰለቹ ያኔ ገባኝ። አንተም ብዙ ሳትገዛ ሊድ ሻጩን በዘመድ ስልክ ፈትነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ፎርሙ የተሞላበት ቀንና ሰዓት እንዲሰጥህም ጠይቅ።

ምልክት፦ ሻጩ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ውሉ ግን አይፈረምም

ይሄ ነው ጊዜ የሚበላው። ፎርሙን የሞላው ልጁ፣ ተከራዩ ወይም እንዳንተው ደላላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ስልክ «ካርታው በማን ስም ነው?» በል። ዋጋ በኋላ ይደርሳል።

በአባት ስም ሆኖ አባት ካረፉ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹም ሁሉ መስማማት አለባቸው። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ይጠየቃል። የቤቱ ባለቤት ዓረብ አገር ካለች ውክልናውን አንብበው። «ቤቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ወረቀት ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ የሚል ቃል በግልጽ መኖር አለበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል አካል ፊት መደረግ አለበት። ሻይ ቤት የተጨባበጡት እዚያ ሲደርስ ይፈርሳል። እዳና እገዳውንም ቀድመህ አጣራ።

«ባዶ ቦታ አለኝ» የሚልህን ለብቻው አስቀምጠው። መሬት የግል ስላልሆነ እንደ ቤት አይሸጥም።

ምልክት፦ ስልኩ ርካሽ ነው፣ ብሩ ግን ያልቃል

የተሳሳተውን ዋጋ እያየህ ነው፤ አንዱ ስልክ ስንት እንደሆነ ሳይሆን አንዱ እውነተኛ ሻጭ ስንት እንደፈጀ ቁጠር። እንበልና 40 ስልክ እያንዳንዱን በ150 ብር ገዛህ፤ 6,000 ብር። ካርታው በስማቸው ሆኖ ቀን የቆረጡልህ 4 ከሆኑ አንዱ 1,500 ብር ፈጀ። ሌላው ሊድ ሻጭ 15 ስልክ እያንዳንዱን በ400 ብር ሰጥቶህ 6 እውነተኛ ቢወጡ፣ በዚያው 6,000 ብር አንዱ 1,000 ብር መጣ። ውድ የመሰለህ ሰውዬ ረከሰ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ግን በሁለት ሳምንት አትዝጋው። እኔ መስከረም ላይ በገዛሁት ስልክ ያስፈረምኩት ጥር ላይ ነው።