ጠዋት የሠራ ሌዘር ከሰዓት እንዳይከዳችሁ

በፌምቶሰከንድ ፋይበር ሌዘር (በመስታወት ክር ውስጥ ፐልስ የሚባሉ እጅግ አጫጭር የብርሃን ምቶች በሚያመነጭ ሌዘር) የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ ከሰዓት ክፍሉ ሁለት ዲግሪ ሲሞቅ ሞድ-ሎኩ፣ ማለትም ሌዘሩ ፐልሶቹን በተከታታይ የሚሰጥበት ሁኔታ፣ ይለቃል። ብዙዎቻችን ወዲያው የፖላራይዜሽን (የብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫ) መቆጣጠሪያውን ማሽከርከር እንጀምራለን። እባካችሁ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ምክንያቱም አንዴ ከነካችሁት የጠዋቱን ቦታ መልሶ ማግኘት ጭንቅ ነው።

መጀመሪያ ፓምፑን፣ ማለትም ለሌዘሩ ኃይል የሚሰጠውን የብርሃን ምንጭ፣ እዩ። በግሬቲንግ (የሞገድ ርዝመትን አጽንቶ በሚይዝ ክፍል) ያልታሰረ የፓምፕ ዳዮድ የሞገድ ርዝመቱ በአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.3 ናኖሜትር ገደማ ይሸሻል። ፋይበሩ ውስጥ ያለው ብርሃን አጉሊ ንጥረ ነገር፣ ኢተርቢየም፣ ደግሞ 976 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚመጥበት ክልል ጠባብ ነው። ስለዚህ የዳዮዱ ሙቀት መቆጣጠሪያ በትክክል እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ዋናው ሥራ። ፓምፑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ሞድ-ሎኩ የሚነሳበትን ከረንት ጻፉ። ከዚያ ቀንሱ። አንዴ ከተነሳ በኋላ ከተነሳበት ባነሰ ኃይልም ስለሚቆይ፣ እስኪጠፋ ድረስ ዝቅ በሉና የጠፋበትንም ጻፉ። ወደ ላይ ደግሞ ፐልሱ ለሁለት የሚሰነጠቅበት ጫፍ አለ። ቦታችሁ በጠፋበትና በሚሰነጠቅበት መካከል ነው፤ ትንሽ ኃይል ለመጨመር ብሎ ጫፉ ላይ መቀመጥ ከሰዓት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ይህንን ልኬት በጠዋት ብርድም፣ ክፍሉ ሲሞቅም ድገሙት። ሁለቱ የሚጋሩት ክልል ነው እውነተኛው የሥራ ቦታችሁ።

መሰንጠቁን ለማየት ኦሲሎስኮፑን ብቻ አትመኑ። ሁለት ፐልሶች በጥቂት ፒኮሰከንድ ከተቀራረቡ አንድ አድርጎ ያሳያችኋል። ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ የሚታይበት ሥዕል) ላይ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ውጣ ውረድ ይወጣል፤ አውቶኮሪሌተር (የፐልስን ርዝመት የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁማ ጥርጣሬው እዚያው ያልቃል። እንደ መርፌ የቆመ ቀጭን መስመር ከታየ ደግሞ ፐልስ ያልሆነ ተከታታይ ብርሃን እየሾለከ ነውና ፓምፑን ቀንሱ።

ፋይበሩን አታንጠልጥሉት። መታጠፍና ንዝረት ፖላራይዜሽኑን ይቀይሩታል፤ ሳታጨናንቁት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ለጥፉትና ሳጥን ውስጥ ክደኑት። የማቀዝቀዣው ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታው። ገና የምትገነቡ ከሆነ ግን ፖላራይዜሽን ጠባቂ ፋይበር ግዙ፣ ውድ ቢሆንም እኔ አልከራከርም።

5 ሜትር ፋይበር ያለው የሌዘር ቀለበት በሰከንድ 40 ሚሊዮን ያህል ፐልስ ይሰጣል፤ በአንድ ዲግሪ ለውጥ ይህ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ኸርዝ ይንሸራተታል። ከሌላ መሣሪያ ጋር ማመሳሰል ካለባችሁ ሳጥኑን ራሱን በሙቀት መቆጣጠሪያ ያዙት፣ ከመለካታችሁ በፊትም ቢያንስ አንድ ሰዓት አሙቁት።