ከአዲስ ፒክአፕ ሥር የጀመረ የጨው ዝገት፦ እኔ ጋ የሠራው

ያለሁት በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት ሚኒሶታ፣ አሜሪካ ነው። አዲሷ ፒክአፕ የመጀመሪያውን የበረዶ ወቅት ሳትጨርስ ሻንሲዋ ላይ፣ በተለይ ብየዳውና ቡሎኖቹ አካባቢ፣ ዝገት ታየ።

አውቶማቲክ እጥበት ሞከርኩ፤ ላዩን ያጸዳል እንጂ ሻንሲው ውስጥ የገባውን ጨው አያወጣም። ቀጥሎ ጥቁሩን የጎማ ቅብ ነፋሁበት። ይሄ ይባስ ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ሲሰነጠቅ ዝገቱ ከሥሩ ይቀጥላል። ፍቄ አነሳሁት።

የሠራው እንዲህ ነው። በረዶው በቀለጠበት ቀን ሥሯን፣ የሻንሲውን ቀዳዳዎች ጭምር፣ በግፊት ውሃ አጠብኩ። ጋራዥ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከደረቀች በኋላ የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ከዚያ ከበግ ሱፍ ቅባት የሚሠራውን ፍሉይድ ፊልም የሚባል ዝገት መከላከያ በኮምፕሬሰር፣ ዙሪያውን 360 ዲግሪ በሚረጭ ረጅም ቱቦ ወደ ሻንሲው ውስጥ ነፋሁ። ፍሬንና ማርሚታ እንዳይነካ! ሽታው ከባድ ነው፤ ግን ስለማይደርቅ ስንጥቅ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ታጥቦ ስለሚሄድ በየዓመቱ በረዶ ሳይጀምር ይደገማል።