አንድ ጎኑ ዝም ያለ የቲዩብ አምፕሊፋየር እንዴት ይመረመራል?

ድሬዳዋ ከዚራ፣ አጎቴ ቤት፣ ከቀትር በኋላ ሙዚቃ ሳይከፈት የሚመሽ ቀን የለም። ምድር ባቡር በሚሠራበት ዘመን የገዛው የቲዩብ አምፕሊፋየር (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ) ባለፈው ዓመት ግራ ጎኑ ዝም አለ። ጥገና ቤት ወሰድነው፤ ቲዩቡ ሞቷል ተባለና አዲስ ተገጠመለት። በሦስተኛው ቀን አዲሱም ውስጡ ያለው ብረት እንደ ፍም ቀላ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ሌላ ቲዩብ ከመግዛታችሁ በፊት የፊተኛውን ምን እንደገደለው እወቁ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ። በዚህ ዕቃ ውስጥ ከ250 እስከ 450 ቮልት ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ደግሞ ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ይህን ጉልበት ይዘው ይቆያሉ። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ነቅላችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ መቆንጠጫ ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ክፍል) ይዛችሁ የትልቁን ካፓሲተር ሁለት ጫፎች ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ። በመጨረሻ በቴስተር ለኩ። ከ10 ቮልት በታች ካልወረደ ድገሙት። በካቻቢቴ አገናኝቶ ብልጭ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ግን ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳልና ተዉት።

ሌላው ጥብቅ ነገር፦ ስፒከር ሳይያያዝ አታብሩት። ሙዚቃው መውጫ ሲያጣ ድምፁን ለስፒከሩ የሚያደርሰው የውጤት ትራንስፎርመር ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅልሉን ያቃጥላል፤ እሱን የሚተካ ትራንስፎርመር ደግሞ እዚህ አገር በቀላሉ አይገኝም።

አሁን ክዳኑን ሳትከፍቱ ፍለጋውን ጀምሩ። አጥፍታችሁ የመግቢያ ገመዶቹን ግራና ቀኝ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ የማጫወቻው ወይም የገመዱ ነው። ካልዞረ፣ እንደገና አጥፍታችሁ ስፒከሮቹን አቀያይሩ፤ ዝምታው ከስፒከሩ ጋር ከሄደ አምፕሊፋየሩን አትንኩት። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ሙሉውን ዕቃ ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል።

ቀጥሎ ቲዩቦቹ። ከቀዘቀዙ በኋላ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወዲያ ወዲህ እያነቃነቃችሁ አውጡ። ከመስታወቱ ውስጥ ያለው ብርማ ሽፋን ነጭ ወተት ከመሰለ አየር ገብቷል፤ እሱ አብቅቶለታል። የሶኬቱን ቀዳዳዎችና የቲዩቡን እግሮች በአልኮል አጽዱ። የድሬዳዋ አቧራ የማይገባበት ስለሌለ፣ አንዳንዴ ችግሩ እዚሁ ያበቃል። ካላበቃ የግራውን ከቀኙ ጋር አቀያይሩ፤ መጀመሪያ ትናንሾቹን፣ ከዚያ ትልልቆቹን፣ ጥንድ ከሆኑ በጥንዳቸው። ችግሩ ከቲዩቡ ጋር ከተጓዘ ጥፋተኛው ተገኘ። ባለበት ከቀረ ግን ጥፋቱ ከሶኬቱ በስተጀርባ ነው።

ቲዩብ እየቀላ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። አጎቴ ቤት የሆነው ይህ ነበር። ከፊተኛው ትንሽ ቲዩብ ወደ ኋለኛው ትልቅ ቲዩብ ድምፁን የምታሻግር ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ ሥራዋ ሙዚቃውን አሳልፋ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ማገድ ነው። ስታረጅ ታፈሳለች። ያ ያፈሰሰችው ቮልት የኋለኛውን ቲዩብ ያለ ልክ ያሠራዋል፣ ብረቱም ይቀላል። ለማረጋገጥ ቲዩቡ ወጥቶ ዕቃው እንደበራ በሶኬቱ ላይ የመቆጣጠሪያው እግር (ድምፁ ወደ ቲዩቡ የሚገባበት) ቦታ ይለካል፤ ቲዩቡ ኢ ኤል 84 የተባለው ዓይነት ከሆነ 2ኛዋ እግር ናት። ዜሮ መሆን ሲገባት ቮልት በአዎንታ ካሳየች ካፓሲተሯ ትቀየር። ይህን ልኬት ግን ከከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር የመሥራት ልምድ የሌለው ሰው አይሞክረው፤ ባለሙያው ዘንድ ሄዳችሁ “ቲዩቡን ሳይሆን ካፓሲተሯን እይልኝ” በሉት። የእኛዋ ባለ 0.22 ማይክሮፋራድ ነበረች፤ 630 ቮልት በምትችል ስትተካ ሁለተኛው አዲስ ቲዩብ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

እምምም የሚል ድምፅ ካለ ቮልዩሙን ጨምሩና ቀንሱ። አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ከመግቢያው ገመድ ወይም ከማጫወቻው ነው የሚመጣው። ባለበት ከቀረ ከኃይል ክፍሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች ጀምሩ። ሙቀት ያደርቃቸዋል፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል። የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ስትነኩት በስፒከሩ የሚጮኸው እሱ ነው።

ፊውዝ ከተቃጠለ በትልቅ አምፔር ወይም በሽቦ አትተኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገፋው ቮልቴጅ አንዴ ሊያቃጥለው ይችላል፤ በተመሳሳይ ተክታችሁ ዳግም ከተቃጠለ ግን ውስጡ አጭር ግንኙነት (ሾርት) አለ።

ሙቀቱ እንዲወጣለት ዳንቴሉንም ከላዩ አንሱት። አጎቴ ለስንት ዓመት አልብሶት ኖሯል፤ አሁን አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከላዩ ባዶ ሆኖ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል።