እንጀራ ካቆምኩ በኋላ የያዘኝ ራስ ምታት እንዴት ለቀቀኝ

እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ባቆምኩ በአራተኛው ቀን ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ከጎንደር ፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ ያዞረኛል። ሌሊት የባቴ ጡንቻ ተኮማትሮ ይቀሰቅሰኛል።

ውሃ አንሶኝ ነው ብዬ በቀን 5 ሊትር መጠጣት ያዝኩ። ጭራሽ ባሰብኝ። ሽንቴም እንደ ውሃ ነጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ስኳርን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል። 1 ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ካርቦሃይድሬት (እንደ እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ያለ ወደ ስኳር የሚቀየር ምግብ) ስንቀንስ ክምችቱ ይመናመናል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀንሰው ኪሎ ብዙው ውሃ ነው፤ ስብ እንዳይመስላችሁ። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ስለሚወርድ ደግሞ ኩላሊት ጨው በብዛት ያስወጣል። እኔ ጨው ሳልተካ ውሃ ብቻ ስጨምር የቀረችውን ጨው አቀጠንኳት።

ውሃውን ወደ 2.5 ሊትር አወረድኩ። ሲጠማኝ እጠጣለሁ፤ ሽንቴ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂዬ ነው። ፀሐይ ላይ ብዙ ከሄድኩ እጨምራለሁ። ዋናው ለውጥ ግን መረቁ ነው፦ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኩባያ ጨው ያለው የአጥንት መረቅ። ለፖታሲየም (ጡንቻ የሚፈልገው ማዕድን ነው) ጎመንና አቮካዶ አበዛሁ። ራስ ምታቱ በ2 ቀን ለቀቀኝ። ባቴ ሳምንት ፈጀ።

የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ብትሆኑ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። እናቴ ግፊት ስላለባት ከዚህ መረቅ አላቀመስኳትም።